ሰኞ እስከ ዓርብ፣ ጠዋት 2፡10 ላይ የሚመጣው አንባቢዬ

ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ "አበዛሽው" ትሉኛላችሁ። አላበዛሁም። እንዲያውም ቀንሼ ነው!

ስለ ግላዊነት ስትሰብካችሁ የከረመችው የሐዋሳ ገጣሚ ዛሬ በጠራራ ፀሐይ ሰላይ መሆኗ ተረጋገጠ።

ሰላይዋ እኔ ነኝ።

ትናንት ከሰዓት እዚሁ የለጠፍኩትን ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ያላያችሁ፣ እንኳን አላያችሁት፤ አጥፍቼዋለሁ። ስክሪንሾት ያነሣችሁ ደግሞ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ እባካችሁ ሰርዙት። የምለምናችሁ ለራሴ አይደለም።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ባህል አዳራሽ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት እንደምሠራ ታውቃላችሁ። ማመልከቻ እተይባለሁ፣ ሲቪ አሳምራለሁ፣ መታወቂያ ፊትና ጀርባውን አንድ ወረቀት ላይ አወጣለሁ። በመሀል በመሀል ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም። ኮምፒውተርም ማንም አላስተማረኝም። ሁለቱንም የተማርኩት በማበላሸት ነው።

የዛሬ ዓመት ገደማ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት እትዬ ብርቄ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ሰጡኝ። "ይሄ እንኳን ሞቷል፤ በር ማስደገፊያ አድርጊው" ብለው።

ሊኑክስ ጫንኩበት። ተነሣ!

ለማያውቁት፣ ሊኑክስ ነፃ ሶፍትዌር ነው። አይከፈልበትም ማለቴ ብቻ አይደለም። አሠራሩ አልተቆለፈም፤ የፈለገ ሰው ውስጡን ከፍቶ ያያል፣ ያስተካክላል፣ ለሌላው ያካፍላል። አንድ ቀን እኔም ውስጡን ስበረብር የፊደላችንን ፋይል አገኘሁ። አንዱ የማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው አገር ተቀምጦ፣ "ጯ"ን ስሏታል! በዓመት ስንት ጊዜ "ጯ" ብላችሁ ትጽፋላችሁ? ሰውዬው ግን "ማን ይጠቀምባታል" አላለም። ስሏታል። ያውም አሳምሮ። ስሙን እንኳን በደቃቅ ፊደል ጥግ ላይ ነው የጻፈው።

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እስከ ዛሬም በደንብ አልተዘጋም።

እናም በዚያ ላፕቶፕ የራሴን ዌብሳይት ሠራሁ። ነጭ ገጽ፣ ጥቁር ፊደል፣ ግጥም። ማስታወቂያ የለ። "ይህንንም ሊወዱት ይችላሉ" የሚል ጨቅጫቃ የለ። ከገጹ ግርጌ በኩራት እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "እዚህ ቤት ማንም አያይዎትም።"

ያኔ ሊንኩን ለጥፌላችሁ ነበር፤ ትዝ ይላችኋል? "ዋው!" አላችሁኝ። "ኮራንብሽ!" አላችሁኝ። የላይክ መዓት! ዌብሳይቱን የከፈተ ግን የለም። "ዳታ የለኝም" ብሎ የጻፈልኝ ሰው በዚያው ቀን የአጎቱን ልጅ ሠርግ ሙሉ ቪዲዮ ሼር አድርጓል። አውቅሃለሁ!

ማንም አለመክፈቱን በምን አወቅሽ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ኀጢአቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ገጣሚ አንባቢ ይርበዋል። እኔም ራበኝና አንዲት ቆጣሪ ጫንኩ። እሷም ነፃ ሶፍትዌር ናት፤ ጨዋ ናት፤ የማንንም ስም አትመዘግብም። ጥቂት ነገር ብቻ ትይዛለች፤ ሰዓቱን፣ የተከፈተውን ገጽ፣ የመሣሪያውን ዓይነት፣ የስክሪኑን ስፋት፣ የተቆየበትን ደቂቃ። "ስም እስከሌለ ድረስ ማንንም አላየሁም" ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የግርጌዋን ዓረፍተ ነገር አልነካኋትም።

ለሳምንታት ቆጣሪዋ ዜሮ ስትል ሰነበተች። በመጨረሻ አድራሻውን በማርከር ጽፌ ፎቶ ኮፒ ቤታችን መስታወት ላይ ለጠፍኩት።

በማግስቱ አንድ ሰው ገባ።

ጠዋት 2፡10። በሦስተኛውም ቀን፣ 2፡10። ከዚያ በኋላ መቅረት የለም፤ በየሥራ ቀኑ፣ ሰኞ እስከ ዓርብ፣ 2፡10! አንድ ቀን 2፡14 ላይ ሲገባ "ምን ሆኖ ነው የዘገየው?" ብዬ ተጨንቄያለሁ።

የሚከፍተው አንዲት ግጥም ብቻ ነው፤ "ቤቱ ይጠብቀኝ" የምትለዋን። ይከፍታል፣ ሦስት ደቂቃ ይቆያል፣ ይወጣል። ሌላ ግጥም አይነካም።

መሣሪያው ደግሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሊኑክስ! ሐዋሳ ውስጥ!

በቃ፣ በአእምሮዬ ሠራሁት። ረጅም። መነጽር ያደረገ። ላፕቶፑ ላይ ስቲከር የለጠፈ። ምናልባት እዚሁ ሐዋሳ አዲስ ከተማ በኩል የሚኖር ፕሮግራመር፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በእኔ ስንኝ ነፍሱን የሚያጥብ። ስክሪኑ የድሮው አራት ማዕዘን ዓይነት መሆኑን ቆጣሪዋ ነግራኛለች። እሱንም "አሮጌ ነገር የሚወድ፣ ጥልቅ ሰው" ብዬ ተረጎምኩት።

አትሳቁ!

እትዬ ብርቄ ጠዋት ጠዋት ደንበኛ አቁሜ ስልኬ ላይ ሳፈጥ ያዩኛል።

"ምንድን ነው እሱ?"

"አንባቢዬ ገብቷል።"

"የት ነው የገባው?"

"ዌብሳይቴ ላይ።"

"ማነው?"

"አላውቀውም።"

"የማታውቂውን ሰው ነው በየቀኑ በቀዳዳ የምታዪው?"

ሳቅኩ። እትዬ ብርቄ ግን አልሳቁም። እኔ በወራት ያልገባኝን ነገር ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁት ሴትዮ ቶነር እያራገፉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሰውት ነበር።

ባለፈው ወር አንድ ሳምንት ሙሉ ጠፋ። ሰኞ የለም። ማክሰኞ የለም። ታመመ? ዝውውር ደረሰው? ሌላ ገጣሚ አገኘ? በሚቀጥለው ሰኞ 2፡10 ላይ ተመልሶ ሲመጣ እልል ማለት ነው የቀረኝ።

ትናንት ከሰዓት ትዕግሥቴ አለቀ። እዚህ ገጽ ላይ ይህን ለጠፍኩ፦

"ሰኞ እስከ ዓርብ፣ ጠዋት 2፡10 ላይ፣ በአሮጌው አራት ማዕዘን ስክሪንህ፣ በሊኑክስህ፣ 'ቤቱ ይጠብቀኝ'ን ለምታነበው ለአንተ። ባለፈው ወር ሳምንቱን ሙሉ ስትጠፋ ምን ያህል እንደጨነቀኝ ብታውቅ! ሐዋሳ ውስጥ እንዳለህ አውቃለሁ። ውጣና ልይህ።"

ከሥሩ ልብ። ሁለት ልብ!

ስም አልጠቀስኩም እኮ! ስሙን አላውቀውማ!

እናንተ ደግሞ (ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ግን እናንተ ናችሁ) ጨዋታ አደረጋችሁት። "እንፈልገው!" አለ አንዱ። "አራት ማዕዘን ስክሪን ዛሬ ያለው መሥሪያ ቤት ነው" አለች አንዷ። "2፡10 ማለት ሥራ ሳይጀመር ማለት ነው፤ ቀድሞ የሚገባ ሠራተኛ ፈልጉ።" "ባለፈው ወር ሳምንት ፈቃድ የወጣ ማነው?" እኔም በየኮሜንቱ ሥር ልብ እያስቀመጥኩ እስቃለሁ!

ኮሜንት ሳነብ አምሽቼ ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስነሣ ፍለጋው አልቋል።

ዛሬ 2፡10 ሳይሞላ ቢሮው የደረሰ አንድ ወጣት እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ "ኧረ ጉድ! እኛ ቢሮ ሊኑክስ ያለው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነው። የመዝገብ ቤቱ የጋሼ!" ከሥሩ ፎቶ። ከኋላ የተነሣ ነው። ሽበታም ራስ፣ ቡናማ ሹራብ፣ አራት ማዕዘን ስክሪን። ስክሪኑ ላይ የእኔ ግጥም።

እስቲ ለአፍታ ከእኔ ጋር ቆማችሁ ተገረሙ። ይህን ሁሉ ሕዝብ በያዘ ከተማ! ስም የለ፣ ስልክ የለ፣ መልክ የለ። ሰዓት፣ ስክሪን፣ ሊኑክስ፣ አንድ የጠፋ ሳምንት። አራት ፍርፋሪ ብቻ ናት። ሐይቃችን ላይ መረብ ሲጥል የኖረ ዓሣ አስጋሪ እንኳን ከዚያ ሁሉ ውሃ አንዲቷን ዓሣ እንዲህ ለይቶ አያወጣም። እኔ ግን በአንድ ከሰዓት አንድ ሰው አወጣሁ።

ያወጣሁት ደግሞ የማውቀውን ሰው ነው።

የጋሼን ኮምፒውተር ሊኑክስ የጫንኩት እኔ ራሴ ነኝ! ፍላሻቸውን ይዘው ለፕሪንት በመጡ ቁጥር ቫይረስ ይዘውብን ይመጡ ነበር። አንድ ቀን መሥሪያ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ገላገልኳቸው። "ስንት ነው?" ሲሉኝ "ነፃ ነው" አልኳቸው። ነፃ ነገር አልወደዱም፤ በማግስቱ አቮካዶ በፌስታል ይዘው መጡ። ግጥም እንደምጽፍ ሲሰሙ ደግሞ "ግጥሙ ይቆይና፣ ልጄ፣ ዲፕሎማሽን ጨርሺ" ብለውኛል። ታዲያ እሳቸውን እንዴት ልጠርጥር?

አሁን ነገሩን አስቡት። ጋሼ ጡረታቸው ተቃርቧል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፈች ገና ዓመት መሙላቱ ነው። እኔ ደግሞ ከፎቶ ኮፒ ቤት ሆኜ ልብ ልኬባቸዋለሁ። ሁለት ልብ!

ኮሜንቶቹን ሁሉ አልጽፋቸውም። "ሽበት አይከለክልም" የሚል ነበር። "ጋሼ ሙድ ላይ ናቸው" የሚል ነበር። "የሚስታቸው አፈር ሳይደርቅ" የሚል ነበር።

የመጨረሻውን እንዳነበብኩ ፖስቱን አጠፋሁት። ምን ዋጋ አለው! በየግሩፑ ዞሯል። የቤተ ክርስቲያናቸው ግሩፕ ውስጥም ገብቷል።

ሥራ ገብቼ ለእትዬ ብርቄ ነገርኳቸው።

"ሂጂና ይቅርታ ጠይቂ" አሉኝ።

"ምን ብዬ?"

"መጀመሪያ ሂጂ። እዚህ ቁጭ ብለሽ ነው ቃሉ የሚመጣልሽ?"

ላፕቶፔን አንጠልጥዬ ታቦር ወዳለው የጋሼ መሥሪያ ቤት በባጃጅ ሄድኩ። ሹፌሩ ቀይ መብራት ላይ በቆመ ቁጥር ስልኩን እያየ ይስቃል። በምን እንደሚስቅ ለመጠየቅ ወኔ አጣሁ።

በር ላይ ዘበኛው "ማንን ነው?" አለኝ። "መዝገብ ቤት" አልኩት። "አሃ" አለ። ያቺ "አሃ" ሙሉ ኮሜንት ነበረች።

መዝገብ ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰው አለ። ጋሼ ከፋይል ክምር ጀርባ። ወይዘሮ አበበች የሚባሉ ባልደረባቸው በመስኮቱ በኩል። ፎቶውን ያነሣው ወጣት በበሩ በኩል። እኔ ስገባ ወጣቱ የኪቦርዱን ፊደላት እንደ አዲስ ማጥናት ጀመረ።

ጋሼ ተነሡና ወደ ግቢው ወጡ። ተከተልኳቸው። አንድ ዛፍ ሥር ቆሙ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ…"

"ቆይ። እኔ እዚያ ስገባ አንቺ ታይኛለሽ?"

"እርስዎ መሆንዎን አላውቅም ነበር። ሰዓቱን ብቻ…"

"ስወጣስ?"

"አዎ።"

"ስንት ደቂቃ እንደቆየሁስ?"

"…ሦስት።"

አንገታቸውን ነቀነቁ። "ከታች 'ማንም አያይዎትም' ይላል። አንብቤዋለሁ እኮ። እሱን አምኜ ነው የገባሁት።"

ስድብ ለምጃለሁ። እዚህ ገጽ ላይ ስንቱን ስድብ ላይክ አድርጌ አልፌዋለሁ! ይህ ግን ስድብ አልነበረም። የገዛ ዓረፍተ ነገሬን ነበር ያነበቡልኝ።

"ያ የጠፋሁበት ሳምንት" አሉ ቀጥለው፣ "ባለቤቴ መቃብር ላይ ድንጋይ ላስቀምጥ አገር ቤት ሄጄ ነበር።"

እኔ ደግሞ "ሌላ ገጣሚ አገኘ?" ብዬ ነበር። ይህን ለሳቸው አልነገርኳቸውም። ለእናንተ ግን መናዘዝ አለብኝ።

"ዛሬ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ተደወለልኝ። እሑድ ከአምልኮ በፊት ቁጭ ብለን እንነጋገር ብለውኛል። ስንቱን ባልና ሚስት አስታርቄ፣ ስንቱን ልጅ መክሬ፣ እኔ ራሴ እንዲህ ተብዬ አላውቅም።" ድምፃቸው አልጨመረም። ቢጮኹብኝ በተሻለኝ!

ያኔ የማይጠየቀውን ጠየቅኩ። "ግን ጋሼ… ለምን ያቺን ግጥም ብቻ?"

በደንብ አዩኝ። "አንቺስ ያቺን ነገር ከየት አመጣሻት?"

"የቷን?"

"'ከዘገየሁ በሩን እንዳትዘጋው። ቤቱ ይጠብቀኝ፣ አንተ ብላ።'"

እዚህ ላይ ሁለተኛው ኀጢአቴ ይገባል። እኔ ስተይብ ጆሮዬ ሥራ አይፈታም። ደንበኛ ሲያወራ ጥሩ ነገር ካመለጠው ደብተሬ ውስጥ ናት። በአንዱ ክረምት አንዲት ሴት የሪፈር ወረቀት ኮፒ እስኪደረግላት ቆማ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። አማርኛዋ ሁለተኛ ቋንቋዋ እንደሆነ ያስታውቃል። "ከዘገየሁ በሩን እንዳትዘጋው" አለች። "ቤቱ ይጠብቀኝ፣ አንተ ብላ።" ስልኩን ዘግታ ለብቻዋ ሳቀች። ቤት የሚጠብቅ፣ ባል የሚበላ! እንዲህ የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ጻፍኩት። ግጥም ሠራሁበት። "የእኔ ነው" ብዬ አወጣሁት።

ይህንኑ ለጋሼ ነገርኳቸው።

የዛፉን ግንድ ተደገፉ።

"በዚያ ስልክ ወዲያኛው ጫፍ የነበርኩት እኔ ነኝ" አሉ።

የምቆምበት ጠፋኝ።

"ፎቶዋ ብዙ አለኝ። ድምጿ ግን የለኝም። አልቀዳኋትም። ሰው ሚስቱን ይቀዳል እንዴ? አንድ ቀን ደብዳቤ ላስተይብ መጥቼ መስታወትሽ ላይ ያለውን አድራሻ አየሁ። በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ሰው ሳይገባ ከፈትኩት። እዚያ ውስጥ ቆማ ታወራለች።" ሹራባቸውን አስተካከሉ። "በሕይወቴ እንዲህ ስትል የሰማሁት እሷን ብቻ ነው። ሌላ ሰው ሊሆን አይችልም።"

ተመልከቱ እንግዲህ። እኔ እሳቸውን በስክሪን ስፋት አገኘኋቸው። እሳቸው እሷን በአንድ ዓረፍተ ነገር አገኟት። የእኔ ቆጣሪ ይህን ሁሉ ወር ስትቆጥር ኖራ ሰውየው እዚያ ሦስት ደቂቃ ውስጥ ምን እንደሚያደርጉ አታውቅም ነበር። እኔም አላውቅም ነበር። ያወቅኩ መስሎኝ ነበር!

ከዚያ (አዎ፣ ይህንንም አደረግኩ፤ ገጣሚ ነኝ፣ ኀፍረት የለኝም) "ቀሪው ግጥምስ እንዴት ነው ጋሼ?" አልኳቸው።

"ቀሪው ደህና ነው" አሉ በትሕትና። "ትንሽ ይረዝማል።"

ይገባኛል!

"ጋሼ፣ አሁኑኑ እውነቱን ልጻፍ። ለምን እንደሚያነቡት ሰው ይወቅ።"

"አይሆንም! ጠዋት እኔን አወጣሽኝ፣ ከሰዓት ደግሞ እሷን ልታወጪ ነው?"

ልክ ናቸው። ስማቸውን የማጠራበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ዘግተው የያዙትን የመጨረሻውን በር መክፈት። ዝም ካልኩ ደግሞ እሑድ አለ። ሽማግሌው እንደ ጥፋተኛ ተቀምጠው "ምን ነክቶህ ነው?" ሊባሉ ነው። እኔ ባኖርኳት ሁለት ልብ!

ጋሼ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ወደ ቢሮው ተመለሱ። እኔም ከኋላ።

ኮምፒውተራቸው ፊት ቆሙ። ዌብሳይቴን ከፈቱ። "አበበች" አሉ፣ "እስቲ ይቺን ስሚኝ። አንተም ስማ፣ ፎቶ አንሺው።"

ወጣቱ ደንግጦ ቀና አለ።

መነጽራቸውን አደረጉና ሁለቱን መስመር ብቻ አነበቡ። ቀስ ብለው። የእሷን አነጋገር ይዘው። የግጥም አነባበብ አልነበረም፤ ሴት ከሩቅ ሆና ባሏን ስትጣራ ነበር። እኔ ያንን ግጥም መቶ ጊዜ ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ። እንዲህ አንብቤው አላውቅም።

ወይዘሮ አበበች እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ የጋሼን ባለቤት ስም ጠርተው ጮኹ። "እሷ ናት! ወይኔ፣ እሷ ናት እኮ! ቤታችሁ በመጣን ቁጥር! 'እናንተ ብሉ፣ ቤቱ ይጠብቀኛል' ትል አልነበር!"

አንድም ማብራሪያ አላስፈለገም።

ወጣቱ ተነሣ። "ጋሼ… እኔ እኮ ለቀልድ ነው…"

"ቀልዱ አልቋል" አሉት። "ኮምፒውተር ትችላለህ አይደል? ና ተቀመጥ። ይቺን ልጅ መርምርልኝ።"

ላፕቶፔን አወጣሁ። የቆጣሪዋን ኮድ ነቀልኩ። ጋሼ በእኔ ቃል ብቻ አላመኑም፤ ማን ይፈርድባቸዋል? ወጣቱ በራሱ ኮምፒውተር ገጹን ከፍቶ ውስጡን መስመር በመስመር ፈተሸ። ለካ ነፃ ሶፍትዌር እያልኩ ስለፈልፍ የኖርኩት ነገር ጥቅሙ ይህ ነው! ያጋለጠኝ ሰው ራሱ ተቀምጦ ሊያጣራኝ ይችላል።

"የለም ጋሼ፣ ተነሥቷል" አለ።

"ያለፈውስ?" አሉኝ ጋሼ። "የመዘገብሽው?"

እዚህ ላይ እጄ ቆመ። ወራት ሙሉ የተመዘገበው፣ እያንዳንዷ 2፡10፣ አንድ ሰው እንዳነበበኝ በዓለም ላይ ያለኝ ብቸኛ ማስረጃ ነው። እትዬ ብርቄ ግን ትዝ አሉኝ። ቢኖሩ "ቀዳዳውን ደፍነሽ ያየሽውን ይዘሽ አትሄጂም" ባሉኝ ነበር።

አጠፋሁት። ለዘላለሙ።

አንድ ነገር ግን በሐቅ ነገርኳቸው። ዌብሳይቱ የተቀመጠበትን ሰርቨር የሚያከራየኝ ሌላ ሰው ነው፤ እሱ ምን እንደሚመዘግብ በውል አላውቅም። ስለዚህ ግርጌ ያለችውን ዓረፍተ ነገር እዚያው ፊታቸው ቀየርኳት። "እዚህ ቤት ማንም አያይዎትም" ትል ነበር። አሁን "እኔ አላይዎትም" ትላለች። ልምል የምችለው ስለ ራሴ ብቻ ነው።

ጋሼ አነበቡት። "ይቺ ይሻላል" አሉ። "አጭር ናት።"

ከግጥሟም አናት ላይ "የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች የእኔ አይደሉም፤ በስልክ ሲነገሩ የሰማኋቸው ናቸው" ብዬ ጨመርኩ።

በዚህ መሀል ወይዘሮ አበበች ለአንዱ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስልክ ደውለው ወደ ኮሪደሩ ወጥተዋል። ድምፃቸው ግን ቢሮው ውስጥ ቀርቷል፤ ሁላችንም እንሰማለን። "ስማ! ያ እሑድ ያላችሁት ነገር ይቅር! … ምን ማለትህ ነው? የሚስቱን ቃል ነው ሲያነብ የከረመው! … አይ፣ አንተ ነህ ይቅርታ የምትጠይቀው! … እንዲያውም ለሁሉም ስልኩን አዙርላቸው፤ ለእያንዳንዳቸው እነግራለሁ!"

ጋሼ ዓይናቸውን ፋይል ላይ ተክለው ነበር። ከንፈራቸው ጥግ ላይ ግን የሆነች ነገር አየሁ። (አየሁ! በዓይኔ ብቻ። አልመዘገብኩም።)

አሁን "ታዲያ ይህን ሁሉ እንዴት ጻፍሽው?" ትሉኛላችሁ።

ፈቅደው ነው። ልወጣ ስል በሩ ላይ ጠሩኝ። "በየግሩፑ የዞረው ነገር ካልታረመ አይሞትም" አሉኝ። "ጻፊው። ግን ከመለጠፍሽ በፊት አነበዋለሁ። ስሜን ከጻፍሽ አልከስሽም፤ ሰላምታ ግን አልሰጥሽም።"

ጽፌ ፕሪንት አደረግኩላቸው። ከሥራ ሲወጡ ፎቶ ኮፒ ቤት መጥተው ቆመው አነበቡ። በእስክሪብቶ ሁለት አንቀጽ ሰረዙ። ሁለቱም ስለ እሳቸው ነበሩ።

"ስለሷስ ጋሼ? ልቀንስ?"

"እሷን ተዪያት" አሉ። "ሰው ስለሷ ሲያወራ ደስ ይላት ነበር። ስሟን ግን ተዪው፤ ያወቃት ያውቃታል።"

የፕሪንቱን ከፍለው ሄዱ። አሁንም ነፃ ነገር አይወዱም።

ሰኞ ጠዋት 2፡10 ላይ ይመጡ ይሆን? ከዚህ ሁሉ በኋላ ያቺን ገጽ ይከፍቷት ይሆን ወይስ አበላሸሁባቸው? ይህን ማወቅ ብችል ደስ ባለኝ። ማወቅ ግን አልችልም። ራሴ ነኝ የነቀልኳት! ከሰዓት ጀምሮ የቆጣሪዋን ገጽ አምስት ጊዜ ከፍቻለሁ። "ገጹ አልተገኘም" ይለኛል። እትዬ ብርቄ በስድስተኛው ሊይዙኝ ሲሉ ዘጋሁት።

ትምህርቱ ምንድን ነው? እንጃ። ትልልቆቹ ድርጅቶች ይሰልሉናል ብዬ ስጮህባችሁ ከርሜ፣ አንድ አንባቢ ሲሰጠኝ ምን አደረግኩ? የገባበትን ደቂቃ ቆጠርኩ። እኔ የሚጎድለኝ ለካ የእነሱ ሰርቨር ብቻ ነው!

ለመሆኑ እዚህ ድረስ ስንቶቻችሁ አነበባችሁ?

ተዉት፣ አትንገሩኝ።

…እሺ፣ አንድ ሰው ብቻ ይንገረኝ?